በገንቦው ላይ የጻፍኩት ስድብ

የታርጌሊዮን ወር፣ ቀን 3

እቶኑ ተከፈተ። ከጎረቤት ዕቃ ብዙው ተሰንጥቋል፤ ይህን ማስታወሻ የምጭረውም በሰው ገንቦ ስባሪ ላይ ነው። የኔ ገንቦ ደህና ወጣ... ደህና ብቻ? ድንቅ ነው እንጂ! የሣልኩበት ጀግናው አያክስ የሞተ ወዳጁን አኪሌስን ተሸክሞ ከጦር ሜዳ ሲወጣ ነው። እሳት ሳይነካው ቀለሙ ከሸክላው አይለይም፣ ጭቃ በጭቃ ነበር። አሁን የሣልኳቸው ሰዎች እንደ ቁራ ክንፍ ጠቁረዋል። በሹል ብረት የጫርኩት የአኪሌስ ጸጉር አንድ በአንድ ይታያል።

ከአያክስ እግር ሥር የጻፍኩትም ጠቁሮ ወጥቷል። «ኤዋርኮስ ዕድሜ ልኩን እንዲህ አይሥልም።» ይበለው! በገበያው መሀል፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ «ክሬሞን፣ የምትሥላቸው ፈረሶች ላይ ጭነት ጫንባቸው፤ አህያ ናቸው» ያለኝ ያ ተፎካካሪዬ ሠዓሊ እሱ አይደል? የሸክላ ቤቱ ጌታ ሶሲስ አንብቦ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ደጃፍ ላይ አቁመው!» አለኝ። አቆምኩት።

ታርጌሊዮን 9

ኤዋርኮስ መጣ። በጣም ከስቷል። እኔ ከጭቃው ክምር ጀርባ ተደበቅሁ... እንደ ሌባ። ለምን? አሳየዋለሁ ስል አልነበር? ጎንበስ ብሎ አነበበ። ብዙ ቆመ። ሳል ያዘው። ምንም ሳይል ሄደ።

ምነው በሰደበኝ።

ታርጌሊዮን 12

ገንቦውን ወደ ጓዳ ላስገባ ብዬ ነበር። ሶሲስ፣ «ሰው እየሳቀ ይገባል፤ ተወው» አለ። ተውኩት። እውነቱን ልናገር? ሳቁ እኔንም ደስ አሰኝቶኝ ነበር። አፈርኩ።

ታርጌሊዮን 20

ኤዋርኮስ ሞተ። ያው ሳሉ ነው።

ገንቦውን ልሰብር ሮጥኩ። ቦታው ባዶ!

«የታለ?»

«ተሸጠ እኮ» አለ ሶሲስ። «ሚስቱ ፊልቴ ወሰደችው። መቃብሩ ላይ ልታቆመው።»

«ስድቡስ?»

«ማንበብ የት ታውቅና...» ዛሬ አልሳቀም።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ! አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። እኔን ያመለጠኝ እጄ ነው፤ ያውም በእሳት ጸንቶ። ውሃ አያጥበው። ብፍቀው ቀዩ ሸክላ ብቅ ብሎ ይመሰክርብኛል። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሟች ላይ ሲስቅ ሊኖር ነው?

ታርጌሊዮን 21

ሌላ ገንቦ ተሸክሜ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ፊልቴ ጸጉሯን ተቆርጣ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች።

«እትዬ ፊልቴ፣ ይሄ ይሻላል። ያንን መልሺልኝ።»

«ምን ሆኖ?»

«ስንጥቅ አለው።» ዋሸሁ። ለቅሶ ቤት!

«የለውም። አገላብጬ አይቼዋለሁ።»

«የተጻፈበት... ስድብ ነው። እኔ ነኝ የጻፍኩት።» አነበብኩላት።

«አውቀዋለሁ» አለች። «ራሱ ነግሮኛል። ገንቦውን ያነበበ ዕለት እየሳቀ ነው ቤት የገባው። ‹ስሞት እሱን አቁሚልኝ› አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ ሲሥል ዕቃው ላይ የሚጻፈው የጌታው ስም ነበር። አንተ ባትሰድበው ኖሮ፣ ስሙ ያለበት ገንቦ በዚህ ከተማ አልነበረም።»

ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ብትረግመኝ ይቀለኝ ነበር።

ቀጣዩ ወር፣ ስኪሮፎሪዮን 15

ለሟች እንደ ወጉ መቃብሩ ላይ ዘይት ላፈስ ሄድኩ። ሁለት መንገደኞች ገንቦውን እያነበቡ ይስቃሉ።

«ኤዋርኮስ ማነው?»

«እኔንጃ። የሣለውስ?»

«ስሙን አልጻፈም።»

እውነትም አልጻፍኩም። ለስድቡ ስቸኩል የራሴን ረስቻለሁ። እኔ ነኝ ማለት አማረኝ? አዎ፣ አማረኝ። ዋጥኩት።

«ኤዋርኮስ ፈረስ ሲሥል አቻ አልነበረውም» አልኳቸው።

«ይሄን የሣለውስ?»

«እሱማ ፈረስ ልሣል ሲል አህያ ነው የሚወጣው።»