ሰባት እርምጃ ስለቀራት ወንበር

የዊሎው ቢች ፓርክን ለምታስተዳድሩ ክቡራትና ክቡራን ኃላፊዎች፣
ባላችሁበት።

እንደምን ከርማችኋል? የፖቶማክ ወንዝ ቢሯችሁ ድረስ ስላልመጣ ደህና እንደሆናችሁ አልጠራጠርም። ጤና ይስጣችሁ፤ ወንበራችሁንም ያጽናላችሁ። የእኔ ወንበር ግን እየተነቃነቀች ስለሆነ ይህችን ደብዳቤ ጽፌ አሌክሳንድሪያ ባሉት የሀበሻ ሱቆች በር ላይ ለጥፌላችኋለሁ። በአማርኛ መጻፌን እንዳትቀየሙኝ። እናንተ በማላውቀው ቋንቋ ጻፋችሁልኝ፣ እኔም በማታውቁት መለስኩ፤ ተካክለናል።

ወንበሯ ማለቴ ውሃው ዳር ያለችው አረንጓዴ አግዳሚ ናት። ባለቤቴ ጸዳለ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሳምንቱን ሙሉ የሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ሰንብታ እሑድ እሑድ እግሯን የምታሳርፍባት ነበረች። ሌላ ቦታ እንቀመጥ ስላት "ይቺ ታውቀኛለች" ትለኝ ነበር። እሷ በሕይወት ሳለች፣ እንደ ፈረንጅ በ2004፣ ከወንበሯ እስከ ውሃው በእኔ እግር ሠላሳ አንድ እርምጃ ነበር። ዛሬ ሰባት ነው። እግሬ አልረዘመም።

እንግዲህ ቅሬታዬን፣ ደስ ካላችሁ ምስጋናዬን፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ጥናታችሁ አመሰግናለሁ። ዳርቻው ለምን እንደሚበላ ስድስት ዓመት ሙሉ እያጠናችሁ ነው። የጎረቤቴ የወይዘሮ ውብነሽ ልጅ በአራት ዓመት አጥንታ ነርስ ሆናለች፤ የእናንተ ትምህርት ከበድ ይላል መሰለኝ። ወንዙ ግን ሳያጠና ነው የሚበላው።

፪ኛ. በ2008 ስለተከላችሁት ሰሌዳ። ፊደል ቆጥሬ አንዲት ቃል አወጣሁ፤ "ባንክ" ትላለች። ያን ሰሞን ባንክ ሊወድቅ ነው ይባል ስለነበር፣ ምን ዓይነት ደግ ሰዎች ናቸው፣ ወንዝ ዳር ድረስ መጥተው አስጠነቀቁን ብዬ በማግስቱ ያለችኝን አውጥቼ ፍራሽ ሥር ከተትኩ። ወይዘሮ ውብነሽ ሥቃ ሥቃ ስታበቃ "ጋሽ ዓብዩ፣ የወንዙን ዳር እኮ ነው ባንክ የሚሉት! ይናዳልና አትጠጉ ነው የሚልዎት" አለችኝ። መናዱንማ ውሃውም እየነገረኝ ነበር፤ ያውም ያለ ሰሌዳ።

፫ኛ. እኔ መንዝ ያደግሁ ገበሬ ነኝ። አፈር ሲሄድ እርከን ይሠራል እንጂ ሰሌዳ አይተከልም። ስለዚህ በጋውን በሙሉ ጠዋት ጠዋት ከወንበሯ ፊት ለፊት ድንጋይ ስደረድር፣ በመካከሉም ሣር ስተክል ከረምኩ። እናንተም "ያለ ፈቃድ የተሠራ ግንባታ" ነውና በሠላሳ ቀን ውስጥ ይፍረስ ብላችሁ ጻፋችሁልኝ፤ ያነበበችልኝ ወይዘሮ ውብነሽ ናት። ከፊደል ገበታ ያላለፍኩትን እኔን በሰባ አራት ዓመቴ አሜሪካ ግንበኛ አለችኝ! ደብዳቤውን መስታወት አስገብቼ ከጸዳለ ፎቶ አጠገብ ሰቅዬዋለሁ። ወንበሯን ለደኅንነት ሲባል ወደ መኪና ማቆሚያው ልትወስዷት ማሰባችሁም እዚያው ላይ ተጽፏል። ጸዳለ ትመጣ የነበረው መኪና ለማየት አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ዐውሎ ነፋሱ መጣ። ፓርኩ ስሙን ያገኘባት፣ እናንተ ዊሎው የምትሏት አኻያ ተገንድሳ ሄደች። አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል እንል ነበር፤ ፖቶማክም ተማረ። ግራና ቀኙ ዳርቻ ሦስት ሦስት እርምጃ ተቆርሷል። ከድንጋዬ ጀርባ ያለው ግን ሰባት ነበር፣ ሰባት ነው። ሁለት ጊዜ ሄጄ ረገጥኩት።

የምለምናችሁ፣ ወይ ፈቃድ የሚሉትን ወረቀት ስጡኝ፣ ወይ እርከኑን እናንተው ጨርሱት፤ ወንበሯን ግን አትንኳት። ሠላሳው ቀን ዓርብ ያልቃል። አፍራሾቻችሁን ብትልኩ እላይዋ ላይ ተቀምጬ ያገኙኛል፤ እኔንም ያለ ፈቃድ እንደተሠራ ግንባታ ይቁጠሩኝ።

ውሃ የማይነቀንቀውን ትዕግሥታችሁን እያደነቅሁ፣ እጅ እነሣለሁ፤
ዓብዩ ይገዙ፣ የሰባት እርምጃ ባላባት
ኖቬምበር 2012

ማስታወሻ፦ "ይናዳልና አትጠጉ" የሚለው ሰሌዳችሁ ራሱ ወንዝ ገብቶ፣ ተንሳፎ መጥቶ ድንጋዬ ላይ ተጣብቆ አገኘሁት። በረንዳዬ ላይ እየደረቀ ነውና መጥታችሁ ውሰዱት። መልሳችሁ ስትተክሉት ግን ያንን ያለ ፈቃድ የሠራሁትን ቦታ ፈልጉ፤ ሰሌዳ የሚያቆም መሬት ሌላ አልቀረም።