አረንጓዴ የተቀባው ግቢያችን

ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ያ የደረትህ ነገር ተሻለህ ወይ? የጅማው ሥራስ? እኔ መድኃኔ ዓለም ይመስገን አለሁ። ስትደውል ስልኩን ያላነሳሁት ተቀይሜህ አይደለም፤ ድምፄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው። በጽሑፍ ይሻለኛል።

ጥፋቴን ልንገርህ። አምና ሰፈራችን ወደ ደባርቅ ከተማ ሲጠቃለል መሬት የሚለኩ ሰዎች ግቢያችን ገቡ። እኔ ሞኟ፣ ባለቤት የለውም እንዳይሉን ፈርቼ፣ አያታችን የተከሏቸውን ጽድና ወይራ እየዞርሁ አንድ በአንድ አሳየኋቸው። በእኛ አገር ዛፍ የተከለ ባለርስት አይደለም? እነሱም ግሩም ነው እያሉ ጻፉ። የከተማው ፕላን ካርታ ሲለጠፍ ግቢያችን እንዳለ አረንጓዴ ተቀብቷል። አረንጓዴ ቦታ ማለት ቤት አይሠራበትም፣ ያለውም አይታደስም፤ ካሳውም ቦታው ሲፈለግ ነው አሉኝ። መቼ እንደሚፈለግ የሚያውቅ የለም። አንተ ቤት ትሠራበታለህ ያልነው ቦታ በእኔ ምላስ ሄደ።

ከዚያ በሰኔው በረዶ ከእማዬ መኝታ በላይ ያለው ቆርቆሮ ተበሳ። ይታደስ ብዬ ማዘጋጃ ቤት ሦስት ጊዜ ማመልከቻ አስገባሁ። ባለሙያው ክፉ ልጅ አይደለም፤ አዝናለሁ እታለም፣ ፕላኑ አይፈቅድም አለኝ። ጎረቤታችን ክንዴ፣ እሑድ ተቆጣጣሪ አይዞርም፣ ያኔ እንምታው ቢል፣ እማዬ በሰንበት ሚስማር አይመታብኝም ብላ እምቢ አለች። ዛፉን ተክለን እኛው ተነቀልን እያለች፣ አልጋዋን ከጥግ ጥግ እያስጎተተች ክረምቱን ከረመች። ሳሏን ነግሬህ ነበር። ብርድ ነው ብዬ ያቃለልሁትም እኔው ነኝ።

ይህን ወረቀት የሚሰጥህ የአክስታችን ልጅ ገዱ ነው። በማግስቱ ማለዳ ከሰዎች ጋር ተመልሶ ቢመጣብህ በሩን ክፈትላቸው። የዚያን ቀን ሥራ አትሂድ፣ ብቻህንም አትሁን።

ባለፈው እሑድ ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተከለ። ካስማውን በመዶሻ ሲመቱ ፈቃድ አላችሁ ወይ ያለን የለም። እማዬም ስለ ሰንበቱ ምንም አላለች።

የአያቶቻችን አምላክ ልብህን ያጽናው። እኔንም ይቅር በለኝ።

ታላቅ እህትህ