ሰባት ቁጥር ለሁለት ሰው

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ

ዝናብ። ጫማዬ ረጠበ። ቢሮ ስደርስ መሞከሪያው ማሽን እንደገና ደርቆ ቆሟል። በዚህ ሳምንት አራተኛው። ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተማችን አስኳል፣ ጥቂት ሰዓት ደህና ይሠራና ድንገት ድርቅ ይላል። የሚወድቀው ደግሞ ሁሌም አንድ ቦታ፣ አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ፣ ዝምተኛው፣ የጻፈው የኔትወርክ ካርድ ኮድ ውስጥ።

አለቃችን ቁርጡን ተናገረ። እስከሚቀጥለው ሐሙስ ካልተስተካከለ ዝምተኛው ይሰናበታል። እሱስ? ብርጭቆዎቹን አጥቦ ተመልሶ ተቀመጠ። ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ያወራነው ቢደመር አንድ ገጽ አይሞላም። ግን የራሱን ሲያጥብ የእኔንም አብሮ ያጥባል... ይሄ ምን ይባላል?

ጥቅምት 8፣ ዓርብ

ልረዳው ተነሳሁ። ማን ጠየቀሽ? ማንም።

ማሽኑ የቱ ጋ እንደሚሞት ለማየት ኮዱ መሃል «እዚህ ደረስኩ» ብሎ እንዲጽፍ አደረግኩት። ዳነ! መስመሩን ሳወጣው ሞተ። መለስኩት፣ ዳነ። ሐኪም ጋ ሲደርሱ የሚተው የጥርስ ሕመም ነው የሆነብኝ። ሰባት ጊዜ ገደልኩት፣ ሰባት ጊዜ አስነሳሁት። በመጨረሻ ብቻዬን ስስቅ ዝምተኛው ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ። ጥርስ አለው ለካ።

ጥቅምት 10፣ እሁድ

ጉድ ፈላ ዛሬ።

አክስቴ ገበያ ደርሼ ልምጣ ብላ እንግዳ ማረፊያዋ ላይ አስቀምጣኝ ሄደች። አሥራ ሁለት ክፍል፣ ቁልፎቹ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ መዝገብና አንድ ስልክ። ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ መጣ። ሰባት ቁጥር ባዶ መሆኑን አየሁ፣ እጄን ወደ ቁልፉ ስዘረጋ ስልኩ ጮኸ። አነሳሁ። መንገድ ላይ ነኝ፣ ክፍል ያዢልኝ የሚል ሰው። ባዶው የቱ ነው? ሰባት። ጻፍኩለት። ዘጋሁና ወዳቆምኩበት ተመልሼ፣ ደግሜ ሳላይ፣ የሰባት ቁጥርን ቁልፍ ለባለባርኔጣው ሰጠሁት።

አክስቴ ተመልሳ ስትመጣ ደዋዩም ደረሰ። መዝገቡን አይታ በትርፍ ቁልፍ ከፈተችለት። ባለባርኔጣው ያለ ባርኔጣ፣ ፊቱ አረፋ፣ ጢሙን እየተላጨ...

እግሬ አውጪኝ ልል ስል ያዘችኝ። «ስልክ ሲጮህ ምን ያስበረግግሻል? እኔ ቁልፉን አውርጄ፣ መዝገቡ ላይ ጽፌ፣ ከዚያ ነው አቤት የምለው። መሃል ላይ ለእግዜርም አልዞርም።»

ደርቄ ቀረሁ። ይሄ እኮ ነው! የእኛም ከርነል ባዶ የሚሞሪ ቦታ ያያል፣ ሊያነሳ ሲል የኔትወርክ ካርዱ «አቤት በሉኝ» ይላል። ኢንተራፕት የምንለው እሱ ነው። ፕሮሰሰሩ የጀመረውን ትቶ ሮጦ ያንኑ ቦታ ለካርዱ ይሰጣል። ይመለስና ደግሞ ሳያይ ለመጀመሪያውም ያድላል። አንድ አልጋ ለሁለት ሰው! «እዚህ ደረስኩ» ያዳነውም ሥራውን ትንሽ አዘግይቶ ሁለቱ እንዳይገጣጠሙ ስላደረገ ነበር።

አክስቴን አቅፌ አሽከረከርኳት። ልጄ፣ መጀመሪያ እንግዶቹን ይቅርታ ጠይቂ፣ አለችኝ። ጠየቅኩ፣ እየሳቅኩ።

ቆይ... ሚሞሪ የሚያድለውን ኮድ የጻፈው ማን ነበር?

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

እኔ ነኝ። የድሮውን ቅጂ ከፈትኩ። ሁለት መስመሮች ነበሩ፤ አንዱ ቦታ ከማንሳት በፊት ለጥሪ ጆሮ የሚዘጋ፣ ሌላው አንስቶ ሲጨርስ የሚከፍት። አምና ያዘገያሉ ብዬ ያጠፋኋቸው እኔው። ለዚያ ፍጥነት ነው ዋንጫ የተሸለምኩት። ጠረጴዛዬ ላይ እስክሪብቶ ይይዝልኛል! የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ።

አፈርኩ። ደግሞ ሳቄ አልቆም አለ።

በደስታ ጆሮውን ከላይ እስከ ታች ዘጋሁት። ማሽኑ ደነቆረ፤ ማውሱ እንኳ አልንቀሳቀስ አለ። አክስቴ ስልኩን ቀኑን ሙሉ ብትነቅለው ማን እንግዳ ይመጣላታል? አሳጠርኩት። ቁልፉ እስኪወርድና እስኪጻፍ ብቻ። «እዚህ ደረስኩ»ን አወጣሁት። አልሞተም።

ዝም ብል ማን ያውቃል? በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም...

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

አልሞተም። እኔ ነኝ የምሞተው። ሐሙስን ፈራሁ።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

አለቃችን አፉን ሳይከፍት ብድግ አልኩ።

«ጥፋቱ የእሱ አይደለም። የወደቀው እሱ ቤት ነው እንጂ የቆፈርኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ሁሉንም ዘረገፍኩት፣ ሁለቱን መስመሮች፣ ዋንጫውን፣ ባለባርኔጣውን ሳይቀር። አለቃችን ማሽኑን አየ፤ ሦስት ቀን ሳይወድቅ። እኔን አየ። ዋንጫውን መልሺ አለኝ። እየቀለደ ይሁን እየተቆጣ አልገባኝም። እስክሪብቶዎቹን አራግፌ ዝምተኛው ፊት አስቀመጥኩት። ያኔ አለቃችን ራሱ ሳቀ።

ዝምተኛው ግን አልሳቀም። ሰው ሁሉ ሲወጣ ወደ ብርጭቆ ማጠቢያው ተከተለኝ።

«ዓርብ አግኝቼው ነበር» አለ።

ምኑን?

«ሁለቱን መስመሮች። እስከ ዛሬ ካላገኘሽው የእኔ ጥፋት ነው ብዬ ላስተካክለው ነበር።»

የዚያን ቀን ፈገግታ... ሞኝ አልኩት። ሞኝ፣ ሞኝ፣ ሞኝ። ከዚያ ብርጭቆውን ቀማሁትና እኔ አጠብኩለት። የሁለት ዓመቱን ወሬ በአንድ ጊዜ አወራን፤ ውሃውን መዝጋት ረስተን ወለሉ ራሰ።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ፀሐይ። አክስቴ እንደገና አምናኝ ሄዳለች። ሦስት እንግዳ ተቀበልኩ፣ ሦስት ቁልፍ፣ ሦስት ክፍል። ማንም ማንንም አረፋ በአረፋ ሆኖ አላገኘውም። ዝምተኛው ከሰዓት እደውላለሁ ብሏል። እሱ፣ በገዛ አንደበቱ።

ስልኩ ጮኸ። አላነሳም። የጀመርኩትን የማስታወሻ መስመር ሳልጨርስ አላነሳም፣ ተምሬያለሁ። አክስቴ ብታየኝ ትኮራብኛለች። ሁለተኛ ጮኸ... ሦስተኛ... ባነሳውና እንግዳ ቢሆንስ? ባላነሳውና ቢዘጋስ? ኧረ የአክስቴ ሕግ ለክፍል ነው እንጂ ለ—