ወደ ግራ የሚያዘነብለው ክንፍ

ለውድ ታናሽ ወንድሜ ለዩዋን፦

እንደምን ከርመሃል? የካናዳ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ያ የጉልበትህ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጣ ያስቃስትሃል? ባለቤትህ ጆዋንስ ደህና ናት? ልጆቹስ? በፎቶ እንጂ በአካል አላየኋቸውምና ቁመታቸውን እንኳ መገመት አልችልም። እኛ ጭቃው ከጓሮ እስከ ማድ ቤት እየተከተለን ደህና ነን። ደህና ነን ስል እኔና ባለቤቴ ሙርዶ ነን። አባባ ግን ደህና አይደሉም፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህም ለዚሁ ነው።

ልባቸው ደክሟል፣ እግራቸው አብጧል። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ የበግ ሾርባውን በማንኪያ የማጠጣቸው እኔ ነኝ። ሐኪሙ በረንዳ ላይ ጠርቶኝ «በጎቹ መውለድ እስኪጀምሩ መድረሳቸውንም እንጃ» አለኝ። እማማ ስትሞት አልመጣህም። ያኔ በጣም ተናድጄብህ ነበር፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ዛሬም ጨርሶ አልወጣልኝም። አሁን ግን የምጽፈው ልቆጣህ ብዬ አይደለም።

ታላቅ ወንድማችን ላክላን ሲያበርራት የሞተባትን ያቺን ማዳበሪያ የምትበትን ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን የገጣጠሙት አባባ ናቸው። «የላይኛውን ክንፍ አጣምሜ ያሰርኩት እኔ ነኝ» ብለው ለመርማሪዎቹ ቃላቸውን ሰጡ፤ የመካኒክነት ፈቃዳቸውንም ተቀሙ። ይህን ታውቃለህ፤ በሳምንቱ ነው ሻንጣህን ይዘህ የሄድከው። የማታውቀው ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው። ሰው መንገድ ላይ ሲያያቸው ፊቱን ያዞርባቸው ነበር። አውሮፕላን የሚያስነካቸው ሲጠፋ ትንንሽ የፕላስቲክ ሞዴሎች መሥራት ጀመሩ። ሌላ ዓይነት ሠርተው አያውቁም፣ ሁልጊዜ ያቺኑ ናት። መደርደሪያው ሞልቶ ቁም ሣጥኑ ላይ ወጥቷል።

ደግሞ ሁሉም ጠማማ ናቸው። የላይኛው ክንፍ ግራ ጫፉ ትንሽ ወረድ ይላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሞዴል ሠሪዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሲሰበሰቡ መድኃኒት ሻጩ ዱጋልድ «አንገስ፣ ይቺ ልጅህ ዛሬም አንድ ጆሮዋን ጥላ መጣች!» ይላቸዋል። ሌላው ተቀብሎ «ጠጥታ ነዋ!» ይላል። አባባ አይስቁም፣ አይመልሱም። አንድ ጊዜ ዱጋልድ በደግነቱ ሊያስተምራቸው ተነሣ። መጀመሪያ ሁለቱን ክንፎች መሃል ላይ የሚያያይዙት አጫጭር ቋሚዎች ይድረቁ፣ የዳርና የዳሩን ከዚያ በኋላ አጣብቅ፤ ከቸኮልክ ክንፉ ወደ አንድ ጎን ይተኛብሃል አላቸው። አስበው፣ ዕድሜውን ሙሉ እውነተኛ ክንፍ ሲያስር ለኖረ ሰው! ሌላ ጊዜ ደግሞ አባባ ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ አንዷን አላቆ አቃንቶ ጠበቃቸው። አባባ አዩዋትና ክንፉን ቀጭ አድርገው ሰበሩት። ዱጋልድን ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነዋል።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አባባ አልጋቸው ላይ ተደግፈው፣ አንዲት ያልተጨረሰች ሞዴል ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አገኘኋቸው። «ኢሶቤል፣ እጅሽን አውሺኝ፤ የኔው እንቢ ብሎኛል» አሉኝ። የመሃሉን ቋሚዎች አጣበቅኩና እስኪደርቁ ሾርባ አጠጣኋቸው። ከዚያ የላይኛውን ክንፍ አሳረፍኩበት። ከእማማ የስፌት ሣጥን ክር አስመጡኝና ከጅራቷ እስከ ቀኝ ክንፍ ጫፍ አስለኩኝ። ያንኑ ክር ወደ ግራው ጫፍ ሳዞረው ፀጉር የምታህል ተረፈች። «ጫፉን ወደ ፊት ሳብ አድርጊ… ቀስ በይ! በግ የምትጎትቺ መሰለሽ እንዴ?» አሉኝ። ክሩ ሁለቱም ጋ እኩል እስኪደርስ አልለቀቁኝም። በመጨረሻ ከፊት ለፊት ብናያት ሁለቱ ክንፎች ቀጥ ብለዋል። እኔ ለቀልድ ብዬ «ግራውን ዝቅ ላድርገው?» አልኳቸው። «ተይው፤ ያቺኛዋም ቀጥ ያለች ነበረች» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። እሳቸው ዓይናቸውን ከሞዴሏ ሳይነቅሉ ነገሩኝ። ያን ቀን ኮረብታው ላይ ከሁሉ ቀድመው የደረሱት እሳቸው ነበሩ። የፈሰሰውን ማዳበሪያ ሲያዩ አውሮፕላኗ ከምትችለው በላይ እንደተጫነች ወዲያው ገባቸው። ጫኙ አንተ ነበርክ። ዝናቡ ሳይመጣ እንጨርስ፣ ጨምር ያለህ ላክላን እንደሆነም አልጠፋቸውም። መርማሪዎቹ ሳይደርሱ ማዳበሪያውን በአካፋ እየዛቁ ሣር ለሣር በተኑት። ከዚያ ጥፋቱን በክንፉ አሳበቡ፣ ክንፉን ደግሞ በራሳቸው። «አንዱን ልጄን ቀብሬ ሌላውን ለሰው አፍ አልሰጥም ብዬ ነው» አሉኝ። ሞዴሎቹን እያጣመሙ አዳራሽ የሚወስዱትም፣ አንገስ ክንፍ ማቃናት አያውቅም የሚለው ወሬ እንዳይበርድ ነው። ሲሳቅባቸው ዝም የሚሉት ለዚህ ነበር።

«ዩዋን የማላውቅ መስሎት ነው የሸሸው» አሉኝ። ያውቃሉ ወንድሜ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቃሉ። አልተቀየሙትም ወይ ብዬ ብጠይቃቸው «ልጅ ነበር እኮ፤ ታላቁ ጨምር ሲለው ምን ያድርግ?» አሉ። እኔ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሳቸው ክሩን ጠቅልለው ወደ ሣጥኑ መልሺው ብለው ሰጡኝ።

ጠማሞቹ ሞዴሎች ከመደርደሪያው እንዳይነሡ፣ ለቀስተኛው ሲመጣ እንዲያያቸው ብለውኛል። ቀጥ ያለችዋን ግን ማንም ሳያያት አብራቸው እንድትቀበር አዘዋል። አሁን ራስጌያቸው መስኮቱ ላይ ናት፤ ሰው ሲመጣ ፎጣ ጣል አደርግባታለሁ። አንተ ግን በዓይንህ ልታያት ይገባል። እባክህ ቶሎ ና።

ለጆዋን የከበረ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ፊዮናንና ሮሪን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ሙርዶ ሰላም ብሎሃል፤ የኋለኛውን ክፍል ጠርጎ አልጋ ዘርግቶልሃል። ዱጋልድም ምንም ሳያውቅ ሰላም በይልኝ ብሏል። አባባን ለዩዋን ምን ልበልልዎ ብያቸው ነበር። «ሰላምታ አልልክለትም፤ ራሱ መጥቶ ይውሰድ» ብለዋል።

እኅትህ ኢሶቤል
ጎር፣ ሳውዝላንድ፣ ኒው ዚላንድ
ኦገስት 14 ቀን 1968