ዝም ብዬ የዘራሁት ጦስኝ

ሚያዝያ 4፣ ጠ. 1 ሰ.
ከማንም ጋር ሳልነጋገር ዘራሁ። ልጄ ትዕግሥት እንዴት አደርሽ ስትለኝ ራሴን ነቀነቅኩላት። መድኃኒት ሲዘራ አይወራም፣ እስኪበቅልም አይወራም። ባሌ እንደዛ ነበር የሚለው፣ ነፍሱን ይማረው። እኔ ደግሞ ካላወራሁ ያመኛል። እንግዲህ አንተ ደብተር፣ ቻለኝ።

ከመንዝ ያመጣው የመጨረሻው እስር ጦስኝ ሦስት ዓመት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖረ። ለሻይም ለሳልም አላስነካሁም። ለማሽተት ብቻ። ዛሬ ባሸተው ምንም የለውም። ገለባ! አራገፍኩት፣ ፍሬው ወረደ፣ አቧራ በለው። ግማሹ ጀሪካን ቁራጭ ላይ፣ ግማሹ መቀነቴ ውስጥ። እሱ ሳይሄድ ሲቀር ይልክልን የነበረው ወንድሙም ሞቷል። ይሄ ካልበቀለ የሱ ጦስኝ አለቀ በቃ።

ሚያዝያ 12
የለም። በጆግ አጠጣለሁ፣ የለም። ትዕግሥት አፍሽን ምን ነካው፣ ጳውሎስ ካልወሰድኩሽ አለች። ሃያ ዓመት እማዬ ዝም በይ ስትለኝ ኖራ፣ ዛሬ ዝም ብላት ሐኪም!

ሚያዝያ 26
አፈሩን ጫር ጫር አደረግኩት። ሻግቷል።
የጎረቤቴ ልጅ ሂሩት እዚህ ከላይ የእጽዋት ማዕከሉ ነው የምትሠራው። ችግኝ ነው ሥራዋ። በበሬ ታልፋለች፣ እኔ ምላሴን ነክሼ ቁጭ። ብናገር መድኃኒትነቱ ይጠፋል። ዝም ብል ዘሩ ይጠፋል። እሱ ራሱ ከእኔ የባሰ ለፍላፊ ነበር እኮ፤ ዝም የሚለው ለተክል ብቻ ነው።

ሚያዝያ 27
ነገርኳት። ይቅር ይበለኝ።
ምን ያህል ቀበሩት አለችኝ። አንድ ጣት፣ እንደ ነጭ ሽንኩርት፣ አልኳት። "እማማ አስካለ፣ ዘር ነው ወይስ ሬሳ?" ባለጌ! ለካ ጦስኝ ብርሃን ይፈልጋል፣ አፈር አይጫነውም። ላዩ ላይ ብትን አርጎ በጣት ጫን ማለት ነው። ውሃም ከላይ አይደፋበትም፣ ሳህን ላይ አስቀምጦ ከሥሩ እንዲጠጣ። የመቀነቴን ግማሽ አብረን ዘራን፣ ስናወራ ስናወራ። የሦስት ሳምንቱን በአንድ ጠዋት ተበቀልኩት።

ግንቦት 10፣ ጠ. 12 ሰ.
አረንጓዴ! ቅጫም ታህላለች እያንዳንዷ። ጮኼ ትዕግሥትን ቀሰቀስኳት። አፍሽ ዳነ ብላ ተመልሳ ተኛች። እኔ እንባዬ መጣ። ማንም ስላላየኝ አላፍርም።

ሐምሌ 6
ክረምቱ ገድሎ ገድሎ አራት ተርፈዋል። ሂሩት ገና ነው አይንኩት ብላ ነበር። ነካሁት። አንዷን ቅጠል በጣቴ አሸሁ። ጦስኝ ነው። ልክ የሱ። ደጋግሜ አሸተትኩ፣ አልጠግብ አልኩ። አንድ ነገር ይጎድለዋል። ሲመጣ በጋቢው ጠቅልሎ ነበር የሚያመጣው። ጋቢው ደግሞ ብርድ ብርድ፣ በግ በግ፣ እሱን እሱን ይላል። ይሄን ጀሪካን ከየት ያመጣዋል?

ስንቴ ነይ አብረን እንሂድ፣ የሚበቅልበትን ገደል ላሳይሽ አለኝ። መኪና ያጥወለውለኛል አልኩት። ትዳሩን ሙሉ መኪና አጥወለወለኝ! አሁን የሚጠራኝ የለም፣ እግሬ ተነስ ተነስ ይለኛል።

ለትዕግሥት ነገርኳት። እዛ ማንን ታውቂያለሽ አለች። ማንንም። ገደሉን ጠይቄ አገኘዋለሁ፣ አፍ አለኝ። መስቀል ባለፈ ማግስት እሄዳለሁ። ለማጥወልወሉ ፌስታል ይዤ።