ከአዳማ የተገዛው ፓምፕ

ጥር 16፣ ማታ 2 ሰ.
ጥገና የሚጠብቁ የውሃ ፓምፖች ሰባት። አራቱን የሸጥኩት እኔ፣ ሦስቱ ከሌላ ሱቅ። አስመጪው የላከው የጋራንቲ ፒስተን ሁለት ብቻ። ለራሴ ደንበኞች ይሰጣል። ስሸጥላቸው ቃል ገብቻለሁ። ሌላው የሸጠለትን ይጠይቅ።

መካኒኬ ታምራት አኮረፈ። ፋብሪካው አንድ፣ ጋራንቲው አንድ፣ ወረፋው ለምን ሁለት ሆነ ይላል።

ቀትር ላይ ኦቦ ከድር ከዴራ መጣ። ሽንኩርት አምራች ነው። አዳማ ለሱ ቅርብ ሆኖ ሳለ ስንት ዓመት አሰላ ድረስ ወጥቶ ከእኔ ሲገዛ ኖረ። ዘንድሮ ደረሰኙ የአዳማ ሱቅ። ስሙን ሳነብ ደሜ ፈላ።

«አዳማ ስትሞሸር ሳትጠራኝ፣ ሲበላሽ ወደ እኔ?» አልኩት።

ሳቀ። «እሺ ወንድሜ፣ ወረፋዬን እጠብቃለሁ።» ማሳው ውሃ ካጣ አራተኛ ቀኑ።

ጥር 20
ሁለቱ ፒስተኖች ተገጠሙ። አንዱን የወሰደው የአርቦዬ ሰው ገና መሬቱን አላረሰም። ቢሆንም ደንበኛዬ ነው።

ከድር ሁለቴ ደወለ። ሁለቴም ጠብቅ አልኩት።

ዘነበች ብትኖር እንከራከር ነበር። ባለቤቴ ካረፈች ሁለት ወር አለፈ። አሁን የምከራከረው ካንተ ጋር ነው፣ ደብተር። አንተ ደግሞ አትመልስም።

ጥር 25
የከድር ሚስት ፋጡማ ፓምፑን እንደተበላሸ ልትወስድ መጣች። ሽንኩርቱ ደርቋል። ከብት ለቀውበታል።

ታምራት ዝም አይልም፤ ለምን ከአዳማ ገዛችሁ አላት። ሳትቆጣ ነገረችው። ኅዳር ላይ ከድር ሊገዛ እኔ ጋ መጥቶ ነበር። ሱቁ ዝግ። ሐዘን ላይ ነበርን። ድንኳኑ ገብቶ ተቀመጠ፣ በማግስቱም ተመለሰ። ችግኙ የማይቆይ ሲሆን በሦስተኛው ቀን አዳማ ወረደ።

ለምን አልነገረኝም አልኩ።

«ሚስቱ ለሞተችበት ሰው ስለ ሞተር ይወራል እንዴ?»

አስታወስኩት። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ነበር። እህል አልቀምስ ስል ውሃ እያፈሰሰ እጄን ያስታጠበኝ እሱ ነው።

ደረሰኙን መልሼ አየሁ። ያን ቀን የሻጩን ስም አንብቤ ቀኑን አላነበብኩም። ዘነበች በተቀበረች በሦስተኛው ቀን።

ጓዳ ገብቼ በር ዘጋሁ። በቀብሯ ቀን እንዲህ አላለቀስኩም።

ጥር 26
አንድ ፒስተን መጣ። ለከድር አልኩ። ተረኛው ደንበኛዬ፣ ጮሌ ከተማ የሚያስተምረው፣ በስልክ ጮኸ። «ካንተ የገዛሁት እኔ ነኝ ወይስ እሱ?» እውነቱን ነው። ለደንበኛው ያልቆመ ነጋዴ እዚህ ከተማ ውስጥ ሱቅ ሊኖረው አይገባም፤ ዛሬም የማምነው ይህንን ነው። ከድር ግን ደንበኛዬ አልነበረም ወይ? የገዛው ከሌላ ነው እንጂ የመጣው ወደ እኔ ነው።

ፓምፑ ቢሠራ ምን ያጠጣል? አላውቅም። ይቅርታ እንዴት እንደሚባልም አላውቅም። ዘነበች ነበረች የምታውቀው።

ነገ፦ በመጀመሪያው መኪና ዴራ። ፒስተኑ፣ መፍቻዎቹ፣ ታምራት። መንገድ ላይ የሽንኩርት ችግኝ የሚሸጥ ካለ መጠየቅ።