«ዶክተር ቆይ» እና የእህታቸው አራት ጥርሶች

ዛሬ የምንሸኛቸው፣ ታካሚዎቻቸውና ጎረቤቶቻቸው «ዶክተር ቆይ» እያሉ የሚጠሯቸው የጥርስ ሐኪም፣ ከሰዓት ጠጋኙ አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1957 ዓ.ም. ተወለዱ። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነበረው፤ በፊተኛው ሰዓት ይፈታል፣ በኋለኛው ልብስ ይሰፋል። የተወለዱት ከቀናቸው ሦስት ሳምንት ቀድመው ነው። እናታቸው «ሆዴ ውስጥ እንኳን መቀመጥ ያቃተው ልጅ» እያሉ እስከ እርጅናቸው ድረስ ይስቁባቸው ነበር።

በልጅነታቸው ምሳ የሚበሉት ቆመው፣ የቤት ሥራ የሚሠሩት ከክፍል ክፍል እየተንጎራደዱ ነበር። አባታቸው የፈቱትን የደንበኛ ሰዓት አንድ ቀን ሳይነገራቸው ገጥመው፣ የተረፏቸውን ሁለት ብሎኖች በኪሳቸው ደብቀዋል። ሰዓቱ መሥራቱ ነው የባሰው፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ሊያስቆማቸው አልቻለም።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤቶች ካጠናቀቁ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ በ1982 ዓ.ም. በጥርስ ሕክምና ተመረቁ። በምረቃው ቀን አንድ አስተማሪያቸው እጃቸውን ጨብጠው «እጅህ ወርቅ ነው፤ ጥድፊያህ ግን ያስፈራኛል» እንዳሏቸው ራሳቸው ያወሩ ነበር።

ቀጥሎ ያለውን የምንጽፈው እሳቸው ስላዘዙ ነው። «ስሞት ይህችን ዘላችሁ ብታነቡ እነሣባችኋለሁ» ብለዋል።

በ1984 ዓ.ም. ታናሽ እህታቸው ሊያገቡ ሃያ ቀን ሲቀራቸው ወደ ሥራ ክፍላቸው መጡ። ከፊት ጥርሶቻቸው ሁለቱ በትንሹ ተደራርበው፣ ከጎን ደግሞ ጠባብ ክፍተት ነበራቸው።

«ሽቦ ይታሰርልሽ፤ ዓመት ተኩል ቢፈጅ ነው» አሏቸው ወንድማቸው።

«ዓመት ተኩል? ወንድምጋሼ፣ አፏ በሽቦ የታጠረ ሙሽራ አይተህ ታውቃለህ?»

«እንግዲያው ጥርሱን ሞርጄ ሽፋን ላልብሰው። በሁለት ቀጠሮ ያልቃል።»

«ያመኛል?»

«ሳትሰሚው ነው የሚያልቀው።»

እንዳሉትም በሁለት ቀጠሮ አለቀ። አራት ጤነኛ ጥርሶች እስከ ጉቶ ድረስ ተሞርደው፣ በላያቸው ነጭ ሽፋን ተገጠመላቸው። በሠርጉ ቀን የሰው ዓይን ከሙሽራዋ ፈገግታ ላይ አልነሣ አለ። ሐኪሙ ወንድም በእንግዶቹ መሀል እየተሽከረከሩ «የእኔ ሥራ ነው» ሲሉ ዋሉ።

በሁለተኛው ዓመት ከአራቱ የአንደኛው ሥር አበጠ። ክፉኛ የተሞረደ ጥርስ ውስጡ ሊሞት ይችላል፤ ይህም ሞቶ ነበር። ሌላው ተከተለ። ሁለቱ ተነቀሉ፣ ሁለቱ በብዙ ሕክምና ተረፉ፤ እህታቸውም በሃያ ስድስት ዓመታቸው ማታ ወልቆ ብርጭቆ ውስጥ የሚያድር ተነቃይ ጥርስ ለመዱ። ያን ጊዜ ለወንድማቸው የተናገሩት አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «የሃያ ቀን ሥራ ሰጠሁህ፤ አንተ የዕድሜ ልክ ሥራ ሰጠኸኝ።»

አልተኳረፉም። በቤተሰብ ግብዣ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ስለ ልጆች ይጠያየቃሉ። እህታቸው ግን ሌላ ሐኪም ዘንድ መታከም ጀመሩ። ሲስቁም ከሳቃቸው መዳፋቸው ቀድሞ አፋቸው ላይ ይደርሳል። ወንድማቸው ይህን ባዩ ቁጥር አንድ ነገር የረሱ ይመስል ተነሥተው ወደ ግቢ ይወጡ ነበር። የገዛ እህታቸው አንድ ጊዜ ብቻ አፋቸውን ከፍተው እንዲያሳዩዋቸው ሃያ ዘጠኝ ዓመት ተመኙ። አንድም ቀን ግን አልጠየቁም።

በ1987 ዓ.ም. ከሒሳብ መምህርቷ ባለቤታቸው ጋር በተዋወቁ በሦስተኛው ወር ተጋብተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው «ቆይ ሳይል የሠራው ብቸኛ ሥራ እኔን ማግባት ነው» ይላሉ።

ምክንያቱም ከእህታቸው ጥርሶች ወዲህ በክሊኒካቸው ከሁሉ የሚቀድመው ቃል «ቆይ» ሆኖ ነበር። ጥርሱ የተንጋደደ ወይም ፍንጭት የሆነ ሰው ሲመጣ ምርጫዎቹን አንድ በአንድ ያስረዱታል፤ ሽቦው ብዙ ወር እንደሚፈጅ፣ በጥርስ ላይ የሚጠለቀው ግልጽ ፕላስቲክ በየሁለት ሳምንቱ እንደሚቀየርና ሳይታይ ቀስ ብሎ እንደሚገፋ፣ ጠባብ ክፍተት በጥርስ ቀለም ሙሌት ሊደፈን እንደሚችል። ስስ ሽፋንን መጨረሻ ላይ ያነሣሉ፤ የተሞረደ ጥርስ አይመለስምና። ይህንኑ የሚጠይቅ ካለም፣ ምንም ሳይሞርዱ የአዲሱን ጥርስ አምሳል በላዩ ለጥፈው ይሸኙታል። «ሳምንት ይዘሽው ሰንብቺ። ሳቂበት፣ ተናደጂበት፣ መስታወት እዪበት። ከዚያ ነይና እንነጋገር።» ብዙዎቹ ተመልሰው «ዶክተር፣ የራሴ ይሻለኛል» ይሏቸዋል። እንግዳ ተቀባይዋ «እኛ ሰው ማከም ነው ወይስ ማባረር ሥራችን?» እያለች ብትነዘንዛቸውም ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋታል።

ይህን ሁሉ የሚያስረዱት ግን እሳቸው ራሳቸው ከመስኮቱ ወደ ወንበሩ እየተመላለሱ ነበር። ታካሚው ተቀምጦ አንገቱ እስኪደክም በዓይኑ ይከተላቸዋል።

በ2015 ዓ.ም. የእህታቸው ልጅ ዘንበል ያለች አንድ ጥርሷን ለማሳየት ሄደች።

«እናትሽ ታውቃለች?» አሏት።

«አልነገርኳትም፣ ጋሼ።»

«እሷ ሳታውቅ መስታወቴን እንኳ አፍሽ ውስጥ አላስገባም።»

በማግስቱ እህታቸው ከልጃቸው ጋር መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። «አምኜህ እንዳይመስልህ። ልጠብቅህ ነው የመጣሁት» አሉ። ሐኪሙ ወንበር አቀረቡላቸው። ግልጹ ፕላስቲክ ተመረጠ፤ ሕክምናው ስምንት ወር ፈጀ። እህታቸው አንድም ቀጠሮ አላለፋቸውም። በአምስተኛው ወር ልጃቸው ያወራችው ነገር አስቋቸው፣ በዚያ ክፍል ውስጥ መዳፋቸውን ሳያነሡ ሳቁ። ሐኪሙ አዩ። ያን ቀን ድፍረት አግኝተው «ያንቺንስ ልየው?» አሏቸው።

«ቆይ፣ መጀመሪያ የልጅቷ ይለቅ።»

የልጅቷ አለቀ። ለእህታቸው ለሰኞ ቀጠሮ ተያዘላቸው። ሐኪሙ ግን ሲደብቁት የከረሙት የሆድ ሕመም ጠንቶባቸው ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ሆስፒታል ገቡ፤ የቆሽት ካንሰር መሆኑም ታወቀ። አልጋ ላይ እንኳ አላረፉም፤ አንሶላውን ያጥፋሉ፣ ሰዓት ይጠይቃሉ።

ሰኞ ጠዋት እህታቸው ከልጃቸው ጋር ሆስፒታል ክፍሉ ገቡ። «ቀጠሮዬ ዛሬ ነው» አሉ። ከዚያም የገዛ ባላቸውና ልጃቸው እንኳ አይተውት የማያውቁትን አደረጉ፤ ተነቃይ ጥርሱን አውልቀው በመሐረብ ያዙት፣ በወንድማቸውም ላይ ጎንበስ ብለው አፋቸውን ከፈቱ። ነርሷ «እዚህ ቤት ታማሚው የትኛው ነው?» አለችና የኪስ መብራቷን ለሐኪሙ አቀበለቻቸው። ልጅቷ ተቀብላ አብርታ ያዘችላቸው። ረጅም ጊዜ አዩ። ድዱ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል፣ በክሊኒካቸው አብራቸው የምትሠራው ወጣት ሐኪም ከየት መጀመር እንዳለባት አስጻፉ።

«ደክሞሽ ይሆናል፤ ዝጊው» አሉ በመጨረሻ።

«አልደከመኝም። ጨርሰህ እየው» አሉ እህታቸው፣ አፋቸውን እንደከፈቱ።

ሐኪሙ በዚያው ሳምንት ዓርብ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እህታቸውንና የእህታቸውን ልጅ ትተውልናል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበል፤ ለቀረነውም፣ ይልቁንም ለእህታቸው፣ መጽናናትን ይላክ።